ጭራሮ መጎተት የተወች ቀን

እናቴ ውሻ ማሰልጠን የማይሆንላት ሴት ናት ብዬ አምን ነበር። ያን ጊዜ ስምንት ዓመቴ ነው። ሌላው ሁሉ ይሆንላታል። ከጠዋት እስከ ስምንት ሰዓት የሆቴል አንሶላ ስታጥብና ስትተኩስ ውላ መጥታ፣ የእኔን የተቀደደ ቀሚስ ትሰፋለች፤ የተጣመመ የበር መቀርቀሪያ በመዶሻ ታቃናለች። አንዲት ውሻ ገመድ እንዳትጎትት ማስተማር ግን አራት ወር ሙሉ አቃታት። እኔ ደግሞ ሰው የሚያቅተው ነገር ሳይ ዝም ማለት አልችልም። ዛሬም አልቻልኩበትም።

ውሻዋን ያመጣት አባቴ ነው። የሲሚንቶ መጋዘን ጥበቃ ነበር፤ እዚያ ውሾች አብረውት ያድራሉ። አንዷ ከወለደቻቸው ውስጥ አቅመ ቢሷን ኮቱ ውስጥ ከትቶ መጣ። የጎድን አጥንቷ አንድ ሁለት ተብሎ ስለሚቆጠር "ጭራሮ" አላት። ስድስት ወር ሲሞላት ስሟ ብቻ ቀረ። ገመድ አስረን ከበር ስንወጣ የምትሄደው እሷ ናት፤ እኛ እንከተላለን። ጎረቤቶቻችን "ለመሆኑ ማን ነው ማንን ይዞ የሚሄደው?" ይሉን ነበር።

አባቴ የውሻን ነገር ያውቅበታል። አንድ እሑድ ግቢያችን ውስጥ ቆሞ ለእናቴ ሲያሳያት ደረጃው ላይ ተቀምጬ አያለሁ።

"ስትጎትት መልሰሽ አትጎትቻት። አትቆጫት፣ አትምቻት። ቀጥ ብለሽ ቁሚ። ገመዱ ሲላላ ትሄጃለሽ፣ ሲወጠር ትቆሚያለሽ። ሌላ ነገር የለውም።"

"ስንት ደቂቃ ነው የምቆመው?" አለች እናቴ።

"እስኪላላ።"

"ካልላላስ?"

"ካልላላማ ቆመሽ ትቀሪያለሽ። ማን ምን ይልሻል? ውሻ እያሰለጠነች ነው ይሉሻል እንጂ።"

እናቴ ገመዱን እጇ ላይ ጠቀለለችው። ፈታችው። እንደገና ጠቀለለችው።

"የትም ብቆም?"

"የትም ብትቆሚ" አላትና ፊቱን አዙሮ፣ ምንም የማያፈስ ቧንቧ ማጥበቅ ጀመረ።

ስለ ውሻ የሚያወሩ ነበር የመሰለኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በየቀኑ አስር ሰዓት ላይ እንወጣለን። እናቴ ከሥራ ስትገባ ፊቷን ትታጠባለች፣ የሻሿን አስተሳሰር ሁለት ሦስት ጊዜ ትቀያይራለች፣ ጫማዋን በእርጥብ ጨርቅ ትወለውላለች። ለውሻ ይህን ያህል መሰናዳት ምንድን ነው እላለሁ በሆዴ። ከቤታችን ጀርባ ሰፊ ሜዳ አለ፤ የሰፈሩ ውሻ ሁሉ የሚሮጠው እዚያ ነው። እኛ ግን ሜዳውን ትተን፣ ድልድዩን ተሻግረን፣ የእንጨት መሰንጠቂያውን አልፈን፣ ሥጋ ቤቱ ያለበት መንገድ ድረስ እንሄዳለን። "ሜዳው ይሻላል እኮ" ስላት፣ "ሜዳ ላይ ምን ትማራለች?" ትለኛለች።

ከሥጋ ቤቱ ቀጥሎ ያለው መስታወት ቤት ነው። መስታወት ቆራጩ ቀን ቀን ዕቃውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ይደረድረዋል፤ የቁም ሣጥን መስታወት፣ የመታጠቢያ ቤት መስታወት፣ ለመላጫ የሚሆን ትንንሽ ክብ ክብ። በዚያ በኩል ሲታለፍ መንገዱ ሁሉ ተቆራርጦ ይታያል። አንዱ ውስጥ የብስክሌት ጎማ ብቻ ያልፋል፣ አንዱ ውስጥ ሰማይ ነው፣ ዝቅ ያለው ውስጥ የእኔ ጉልበት አለ። ከውስጥ መቁረጫው መስታወቱ ላይ ሲሄድ ጥርስ የሚያፋጭ ድምፅ ይሰማል፤ ከዚያ ትንሽ ዝምታ፤ ከዚያ ቀጭ።

እዚያ ስንደርስ ጭራሮ ሥጋው ይሸታታል። አንገቷ እስኪታነቅ ትጎትታለች። ገመዱ ይወጠራል፤ እናቴ ትቆማለች። የምትቆመው ሁልጊዜ መስታወቶቹ ፊት ለፊት ነው። አምስት ደቂቃ። አሥር ደቂቃ። አንዳንድ ቀን እግሬ እስኪደነዝዝ። ውሻዋን ብታይ አንድ ነገር ነው፤ አታያትም። ዓይኗ መስታወቱ ላይ ነው።

ቤታችን ያለው መስታወት የእጅ መዳፍ የምታክል ናት፤ እናቴ አንድ ቀን እንኳ ቆማ አይታባት አታውቅም። እዚህ ሲሆን ግን በሰው መስታወት አትጠግብም። መልኳን የምታደንቅ መስሎኝ አፍር ነበር። እናቴ ኩራት ያዛት አልኩ። መስታወቶቹ አጠገብ ደግሞ አንዲት ልጅ አለች፤ ከእኔ ሦስት ዓመት ብትበልጥ ነው። ትንፋሿን "ሃ" ብላ መስታወቱ ላይ ትለቅና በአሮጌ ጋዜጣ ትወለውላለች። በግራ እጇ ነው የምትወለውለው። አንዱን ስትጨርስ ወደሚቀጥለው ትሄዳለች፤ የእናቴም ዓይን ከመስታወት ወደ መስታወት ይሄዳል። ይህን ያየሁት ያን ጊዜ ነው። የገባኝ ግን ያን ጊዜ አይደለም።

ሥጋ ሻጩ ስንመጣ ከሩቅ ያየናል።

"ተማሪዋ መጣች" ይላል ለደንበኞቹ። "ዛሬስ ታልፋለች ወይስ ትደግማለች?"

"ትደግማለች" ትላለች እናቴ።

"ኧረ ስንት ዓመት ነው አንድ ክፍል? ስታረጅ ልታልፍ ነው?"

ሰው ይስቃል። እሱም ከመቁረጫው ጠርዝ ላይ የጮማ ቁራጭ ያነሳና ጭራሮ ፊት ይወረውርላታል። ደሜ ይፈላል።

"አይጣሉላት እንጂ" እለዋለሁ። "እያበላሿት እኮ ነው።"

"አንቺ ዳይሬክተሯ ነሽ እንዴ?"

"እማዬ ንገሪው እንጂ።"

እናቴ አትነግረውም። ለእኔ ሲሆን ለጠፋ እርሳስ የምትቆጣ ሴት፣ በአደባባይ ውሻዋን የሚያበላሽባትን ሰው ዝም ትላለች። ይህ ሰው ኋላ በጣም ሸመገለ። እኔ ከተዳርኩ በኋላ አንድ ቀን ሥጋ ልገዛ ሄጄ አወቀኝና፣ "ዳይሬክተሯ" አለኝ። ከዚያ ቢላውን አስቀምጦ ነገረኝ። ጮማውን ይጣሉላት ያለችው ራሷ እናቴ ናት፤ በመጀመሪያው ሳምንት ብቻዋን መጥታ "ወንድሜ፣ ስናልፍ ትንሽ ነገር ይጣሉልኝ" ብላዋለች። "ለምን ብለው አልጠየቋትም?" አልኩት። "ዓይኗ የት እንደሆነ እያየሁ ምን ልጠይቅ" አለኝ።

መስታወት ቆራጩም አንዳንድ ቀን ይወጣል። ጣቶቹ በፕላስተር የተጠቀለሉ ረጅም ሰው ነው።

"አልተማረችም?" ይላል።

"አልተማረችም" ትላለች እናቴ።

"ደነዝ ናት ማለት ነው።"

"ደነዝ ናት።"

"ደነዝን እንግዲህ ምን ታደርጊዋለሽ" ብሎ ይመለሳል። በየቀኑ ይህንኑ ነው የሚባባሉት፤ ያው ጥያቄ፣ ያው መልስ። የሚገርመኝ ሌላ ነገር ነበር። ሥጋ ሻጩ እናቴን "እህቴ" ይላታል፤ የመስታወት ቤቷ ባለቤት፣ የሰውዬው ሚስት፣ "እርስዎ" ትላታለች። ይህ ሰው ግን "አንቺ" ይላታል። እናቴም የሆቴሉን ጥበቃ እንኳ አንቱ የምትል ሰው፣ እሱን "አንተ" ትለዋለች። ባለጌ ሰው ስለሆነ መልሳ እየሰደበችው መሰለኝ።

መስታወት ቆራጩ የእናቴ የመጀመሪያ ባል ነበር። ሲለያዩ ልጃቸው ሁለት ዓመቷ ነው። ሽማግሌ ተቀመጠ፤ ልጅቷ ከአባቷ ጋር ትደግ፣ አዲሷን ሚስት "እማዬ" ትበል፣ እናቴም ደጁን እንዳትረግጥ ተባለ። እናቴ ያን ጊዜ ሥራም ቤትም አልነበራት፤ በአውራ ጣቷ ፈረመች። ወረቀቱ ላይ ደጅ መርገጥ ነው የተከለከለው። በመንገድ ማለፍ አልተከለከለም። ውሻ ያስቆማት ሴት ደግሞ ቆማ ሳይሆን እያለፈች ናት። ሰውዬው ይህን ያውቃል፤ እያወቀ "አልተማረችም?" ይላታል። ክፉ ሰው ነበር ለማለት ዛሬም ይቸግረኛል። አባቴም ያውቃል። ገመዱን ገዝቶ የሰጣት እሱ ነው።

እኔ ብቻ ነኝ የማላውቀው። እኔና ውሻዋ።

ትምህርት ቤት ዝግ ነበር፤ ጭራሮን እኔው ላስተምራት ቆረጥኩ። ጠዋት እናቴ ሥራ ናት፤ አባቴ ከሌሊት ጥበቃ ገብቶ ተኝቷል። ጭራሮን ይዤ በጓሮ በኩል እወጣለሁ። በመጀመሪያው ቀን ከበራችን እስከ ማዕዘኑ ያለችውን መንገድ ለመሄድ እስከ እኩለ ቀን ፈጀብን። ትጎትታለች፣ እቆማለሁ። ትጎትታለች፣ እቆማለሁ። ዝናብ መጣ፤ ቆምኩ። የጎረቤታችን ሴትዮ በመስኮት ብቅ ብላ፣ "አንቺ ልጅ ተሰክተሽ ቀረሽ?" አለችኝ። እልኬ ከያዘኝ ይዞኝ ነው።

በሁለተኛው ሳምንት ከሾርባ የተረፈ አጥንት በክር አስሬ አጥር ላይ ሰቀልኩ። በሥሩ ወዲያና ወዲህ አመላልሳታለሁ። ስትዘል እቆማለሁ። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ጠዋት አጥንቱን አየችው፤ ከዚያ ቀና ብላ እኔን አየችኝ፤ ከዚያ ዝም ብላ አለፈች። ገመዱ በመካከላችን ወደ መሬት ወርዶ ተንጠልጥሏል። ተንበርክኬ አንገቷን አቀፍኳት። በሕይወቴ የሠራሁት ትልቁ ነገር ይህ ነው አልኩ። እናቴ ስታይ ምን ትል ይሆን እያልኩ ሌሊቱን እንቅልፍ አጣሁ።

በነጋታው ድልድዩን ስንሻገር፣ "ዛሬ እኔ ልያዛት" አልኳት።

"ትጥልሻለች።"

"አትጥለኝም።"

ሰጠችኝ። ሥጋ ቤቱ ጋ ደረስን። የጭራሮ ጆሮ ቆመ፤ አፍንጫዋ ተንቀጠቀጠ። ቀና ብላ አየችኝ። ገመዱ አልተወጠረም። ሥጋ ሻጩ "ተማሪዋ" ሊል ጀምሮ ተወው። ጮማውን ወረወረ፤ እግሯ ሥር ወደቀ። አሸተተችው፣ ረግጣው አለፈች። ሰውዬው ሊያጨበጭብ እጁን አነሳ፤ እናቴን አየና እጁን በሽርጡ ጠረገ።

"አለፈች" አለ ቀስ ብሎ፤ ሰው ሞተ እንደሚባለው።

መስታወቶቹን አልፈናቸው ሄድን። ስምንት እርምጃ ያህል ስንርቅ እናቴ ቆመች።

"መልሻት።"

"አለፈች እኮ።"

"መልሻት አልኩሽ።"

መለስኳት። እንደገና አለፈች፤ ከፊተኛው አሳምራ። እናቴ ገመዱን ከእጄ ቀማችኝ። ጭራሮን ወደ ሥጋ ቤቱ አዞረቻት። "ሂጂ" አለቻት። "ሂጂ እንጂ፣ ሥጋ ነው፣ አይሸትሽም?" ውሻዋ ግራ ገባት፤ ጅራቷን ወዘወዘችና የእናቴ እግር ላይ ቁጭ አለች። እናቴ ጎተተቻት። በአራት ወር ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ገመዱን የምትጎትተው እናቴ ሆነች። "እማዬ፣ መጎተት አይቻልም፣ አባዬ ብሏል" አልኳት። አልሰማችኝም።

የመስታወት ቆራጩ ሚስት መጥረጊያ ይዛ ከውስጥ ወጣች።

"ውይ፣ ተማረችልዎ እትዬ። እንኳን ደስ አለዎት።"

"እግዜር ይስጥልኝ።"

"ብዙ ለፉ። እንግዲህ እዚህ ድረስ መመላለሱ ቀረልዎት።"

ከልቧ ነው ወይስ ነገር ነው? እህቴ፣ ያቺ መስታወት ትወለውል የነበረችው ልጅ፣ ዛሬ "ምንም አታውቅም ነበር፣ የዋህ ናት" ትለኛለች። እኔ አልቀበልም። ፈገግታዋን አይቻለሁ። ደግሞ አንዳንድ ጊዜ ሳስበው፣ ያ ፈገግታ ለውሻዋም ሊሆን ይችላል።

መስታወት ቆራጩ በሩ ላይ ታየ። ገመዱን አየ። ገመዱ እናቴ እጅ ላይ ላልቶ መሬት ይነካል።

"ተማረች?" አለ።

እናቴ ጎንበስ ብላ ጭራሮን አየች። "ደነዝ ናት" እንዳትል ውሻዋ እግሯ ላይ ተቀምጣለች።

"ተማረች" አለች በመጨረሻ።

"እንግዲህ" አለ ሰውዬው። ልጅቷ ጋዜጣዋን እንደያዘች ወደ ውሻዋ መጣች፤ "ልንካት?" ስትል አባቷ "ግቢ" አላት። ገባች። እናቴ መሄድ አቃታት። ቆማለች፤ ግን እንደ ሌላ ጊዜው አልነበረም። ሌላ ጊዜ ስትቆም ሥራ ላይ ትመስላለች፤ ያን ቀን የምትሠራው የጠፋባት ሰው መሰለች። እኔም ረሳችው ብዬ አስታወስኳት።

"እማዬ፣ ገመዱ ላልቷል እኮ። ሲላላ ይኬዳል።"

አየችኝ። ሊመታኝ የተነሳ እጅ አይቻለሁ፣ ሲያለቅስ የነበረ ዓይንም አይቻለሁ፤ እንደዚያ ያለ ፊት ግን አላየሁም። "እንሂድ" አለች። ጭራሮ በመካከላችን እስከ ቤት ድረስ አንዴም ሳትጎትት ሄደች። ያመሰገናት ሰው አልነበረም። እኔንም።

አባቴ ጠዋት ሲገባ አልጋው ላይ ተቀምጦ ጫማውን እየፈታ ነገርኩት። አጥንቱን በክር እንዴት እንደሰቀልኩ ሳይቀር ነገርኩት። አንዱን ጫማ ይዞ ቀረ።

"በራስሽ ነው ያስተማርሻት?"

"በራሴ። በሦስት ሳምንት።"

ፊቱን በመዳፉ ሸፈነው። ትከሻው ተነቃነቀ፤ ሲስቅ ነው ሲያለቅስ አላወቅኩም። "በጣም ነው ያስተማርሻት" አለኝ። እናቴ ወደ ሥራ ልትወጣ ሻሿን እያሰረች ነበር። "ልጅቷን ተዋት፤ እሷ ምን ታውቃለች" አለች። የሻሿን ቋጠሮ ፈታችና እንደገና አሰረችው።

"ዛሬ ያለ ውሻ እሄዳለሁ" አለች።

"ያለ ውሻ ምን ብለሽ?"

"ምንም ሳልል።"

"እንዲያማ አይሆንም" አለ አባቴ። "አብሬሽ እሄዳለሁ።"

አስር ሰዓት ላይ ሦስታችንም ወጣን። ጭራሮ በሩን እየቧጠጠች ስታላዝን ለምን እንደተውናት አልገባኝም። እኔ ውሻዋን በማስተማሬ የምንቀጣ፣ ይቅርታ ልንጠይቅ የምንሄድ መሰለኝ። መንገድ ላይ የማላውቀውን ጥፋት እንዴት እንደምናገር ስለማመድ ነበር። ሥጋ ሻጩ ሲያየን ቀልድ አልወጣውም፤ ቢላውን አስቀመጠ። አባቴና እናቴ መስታወቶቹ ፊት ሄደው ቆሙ።

መስታወት ቆራጩ ወጣ።

"ምንድን ነው?"

"ቆመናል" አለ አባቴ።

"ለምን ትቆማላችሁ?"

"ልጄን ላያት ነው የመጣሁት" አለች እናቴ።

እኔ አጠገቧ ነኝ። ልጇ እኔ ነኝ። እጇን ይዤ ወደ ላይ አየኋት፤ እሷ ግን ወደ እኔ አላየችም።

"የተፈራረምነው ነገር አለ" አለ ሰውዬው። ድምፁ ቁጣ አልነበረበትም። "አራት ወር ዓይኔን ጨፍኜልሻለሁ። ይህን ለምን ታደርጊያለሽ? በልጅቷ ፊት?"

"ደክሞኛል" አለች።

ልጅቷ ትልቁ መስታወት አጠገብ ናት፤ ጋዜጣው በግራ እጇ ነው። አባቷን አየች፣ እናቴን አየች፣ በሩ ላይ የቆመችውን የአባቷን ሚስት አየች።

"ማንን ነው?" አለች። "እኔን?"

"አንቺን" አለች እናቴ።

ሚስቲቱ የልጅቷን ትከሻ ይዛ አስገባቻት። ሰውዬው የቆርቆሮ መዝጊያውን ጎትቶ አወረደው፤ በጠራራ ፀሐይ ሱቁ ተዘጋ። ከመቸኮሉ የተነሳ መስታወቶቹን ውጭ ረስቷቸዋል። ሁሉም ውስጥ እኛ ነበርን፤ የአባቴ ኮት፣ የእኔ ጉልበት፣ የእናቴ ፊት አምስት ስድስት ቦታ። ያን ጊዜ እናቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ራሷን አየች። ወዲያው ፊቷን አዞረች።

ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት አላየናትም። ልጅቷ ከሰዓት በኋላ ከውስጥ እንዳትወጣ ተደረገ፤ ይህን ሥጋ ሻጩ ነው የነገረን። እናቴ በዚያ መንገድ መሄድ ተወች። አንድ ቀን እንኳ ባንቺ ምክንያት ነው አላለችኝም። ብትለኝ ይሻለኝ ነበር። ውሻዋን ባላስተምራት ኖሮ እናቴ በየቀኑ ታያት ነበር፤ ልጅቷ ግን ማን እንደምታያት ሳታውቅ ታድግ ነበር። የቱ ይሻላል ብዬ ሰው ስጠይቅ፣ አንዱ እንዲህ ይለኛል፣ ሌላው እንዲያ። እኔ ራሴ ዛሬም አልቆረጥኩም።

አሥር ዓመት በሞላኝ ጊዜ አንድ ጠዋት በር ተንኳኳ። ስከፍት እሷ ናት። ቁመቷ መዝዟል፤ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። እስከ ቤታችን እየጠየቀች ብቻዋን ነው የመጣችው፤ ጫማዋ አቧራ በአቧራ ነበር።

"እናትሽ አለች?" አለችኝ።

"ሥራ ናት። ስምንት ሰዓት ነው የምትገባው።"

"እጠብቃታለሁ።"

"ገና ሦስት ሰዓት ነው።"

"ግድ የለም።"

ግቢና ቁጭ በይ አልኳት። እምቢ አለች። ወንበር አወጣሁላት፤ አልተቀመጠችበትም። በሩ ጎን ግድግዳውን ሳትደገፍ፣ በመንገዱ ላይ የሚመጣውን ሰው አንድ በአንድ እያየች ቆመች። ወንበሩን ወደ ቤት መለስኩና መጥቼ አጠገቧ ቆምኩ።